60 ተማሪ ይዛችሁ ደን አትግቡ

መጀመሪያ ቀን 62 ተማሪ ይዤ ነው የሄድኩት። ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ ከትምህርት ቤታችን የ20 ደቂቃ መንገድ ላይ አንድ ደብር አለ። ዙሪያው ሁሉ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው። ደብሩ ብቻ ጥዱን፣ ወይራውንና ጥቁር እንጨቱን ለብሶ ከሩቅ ይታያል። የሄድነው የዛፍ ችግኝ ለመቁጠር ነበር። ቆጠርን። ስንጨርስ ዞር ብዬ ባይ በ124 እግር ያልረገጥነው ቦታ የለም። ቄሰ ገበዙ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጎንበስ አሉና የተኛች የወይራ ችግኝ ቀና አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ የተማርኩትን ልንገራችሁ። የባዮሎጂ መምህር ለሆናችሁ፣ ወይም የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ለተሸከማችሁ (ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ነው የሚያሸክሙት) ይጠቅማል።

ለምን ደብር? በእኛ አካባቢ የተረፈው የሀገር በቀል ደን በአብዛኛው እዚያ ስለሆነ ነው። ብዙዎቻችሁ በልብ ወለዶቹ የምታውቁት ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ነው። በ28 ደብሮች ደን ውስጥ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ መዝግቧል። ይህ ሁሉ ልጆቹ ቅዳሜ ከብት ሲያግዱ የሚያልፉበት ቦታ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ስለ ደን ጥያቄ ሲወጣ መልሳቸው አማዞን ነው።

ጥያቄያችሁን ጠባብ አድርጉት። "የደን ጥቅም" ብላችሁ ከሄዳችሁ ልጆቹ ከደብተር የገለበጡትን ይዘው ይመለሳሉ። የእኛ ጥያቄ ይህች ብቻ ናት፦ ከድንጋይ ቅጥሩ ውስጥና ከቅጥሩ ውጭ ስንት ችግኝ አለ? ከዚያስ ውስጥ ስንቱ በጋውን አልፎ ይጸድቃል? መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር። ይህን ለልጆቹ ነገርኳቸው። ቲቸር መልሱን ታውቃለች ብሎ የሚያስብ ልጅ አይቆጥርም፤ እኔ የምፈልገውን ቁጥር ሲገምት ይውላል።

ፈቃድ። የትብብር ደብዳቤ ማህተም ተደርጎበት ለሰበካ ጉባኤው መግባት አለበት፤ ይህ ግዴታ ነው። ግን ደብዳቤው ከእናንተ ቀድሞ አይሂድ። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ነጠላችሁን ለብሳችሁ ሂዱና ቄሰ ገበዙን አነጋግሩ። መቃብሩ የት ነው፣ ጠበሉ የት ነው፣ የማይቀረብ ቦታ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቅጠል መቁረጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። እኛ የወደቀ ቅጠል ብቻ ነው የምናነሳው፤ እስካሁን አልጎደለብንም።

ስለ ሴቶቹ ልጆች አንድ ነገር። በወር አበባ ጊዜ ቅጥር ግቢ የማይገቡ አሉ። ራሴም ሴት ስለሆንኩ ይህን ከወንድ መምህራን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። አንዲት ልጅ በር ላይ ቆማ ቀረች፣ ወንዶቹም አዩዋት። አሁን ግማሹ ቡድን ሁልጊዜ ከቅጥር ውጭ ይሠራል። ማን የት እንደሚሠራ የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለጥናቱም የውጭው ቆጠራ ከውስጡ እኩል ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ማነጻጸር የሚባል ነገር የለም።

ዕቃው ቀላል ነው። 8 ሜትር ሲባጎ፣ በየ2 ሜትሩ ቋጠሮ፣ አራት ችካል። ሲወጠር 2 በ2 የሆነ ካሬ ይወጣዋል። የ50 ሳንቲሜትር ዱላ፤ ከእሱ ያነሰውን ችግኝ እንላለን። መጀመሪያ "ከጉልበት በታች" ብዬ ነበር፣ የማን ጉልበት የሚል ክርክር ተነሳ። ትልልቅ ዛፍ መለካት ከፈለጋችሁ የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙና ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ዙሪያውን ለኩ፣ ለ3.14 አካፍሉት፤ የግንዱ ውፍረት (ዲያሜትር) ይወጣል። ዋንዛው ከሜትሩ በላይ ከሆነ በሲባጎ ዙሩና ሲባጎውን ለኩት። ካሬውን ማን ይመርጣል? ዕጣ። ከ1 እስከ 50 ቁጥር በወረቀት ጻፉ፣ አውጡ፣ ከቅጥሩ ያንን ያህል እርምጃ ሂዱ። ልጆች ራሳቸው ከመረጡ ችግኝ የበዛበት ቦታ ላይ ነው ሲባጎ የሚዘረጉት።

አንድ ቡድን አምስት ልጅ ነው፣ በአንድ ጊዜ ከአራት ቡድን በላይ አይገባም። ሌሎቹ ሌላ ቀን። ካሬው ውስጥ እግር አይገባም፤ ከሲባጎው ውጭ ተንበርክኮ ነው የሚቆጠረው።

አሁን ወደ ዜሮ እንምጣ፤ ብዙ ጊዜዬን የበላው እሱ ነው። ለተማሪ ዜሮ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዕጣው ባዶ መሬት ላይ ሲጥላቸው ሲባጎውን ቀስ አድርገው ሁለት እርምጃ ወደ ችግኙ ያስጠጉታል። ክፋት አይደለም፣ አዝነውልኝ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ቁጥር ለምን እንዲህ አማረ ብዬ ሁለት ሳምንት ግራ ገባኝ። ደግሞ 10፣ 20፣ 30 የሚል የተስተካከለ ቁጥር ካያችሁ ልጁ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው የሞላው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱን ካሬ ሁለት ቡድን ሳይነጋገር ይቁጠረው። ከዚያ ደግሞ ማርክ የሚሰጠው ለቁጥሩ ብዛት ሳይሆን ሁለቱ ቆጠራዎች ለመቀራረባቸው ይሁን። ዜሮና ዜሮ ያመጡ ሁለት ቡድኖችን ክፍል ፊት አስጨበጨብኩላቸው። ከዚያ በኋላ ሲባጎው አልተንቀሳቀሰም።

ስም ላይ ትቸገራላችሁ። የጥድ ችግኝ ትልቁን ጥድ አይመስልም። ትልቁ ቅጠሉ ቅርፊት መሰል ነው፣ ትንሹ እንደ መርፌ ይዋጋል። ልጆቹ "እሾህ" ብለው ጽፈውት ነበር። ወይራን ከሌላው ለመለየት ቅጠሉን ገልብጡ፤ ከሥሩ ወርቅማ ቡናማ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው መምህር ግን የአብነት ተማሪው ነው። ደኑ ውስጥ ጎጆ ቀልሶ የሚኖር የ14 ዓመት ልጅ፣ እኔ ከመጽሐፍ የማውቀውን የሎል ዛፍ ከእነ ፍሬው፣ ከእነ ወፉ ያውቀዋል። አንድ የአብነት ተማሪ ለእያንዳንዱ ቡድን መደቡ። የእኔ 9ኛ ክፍሎች መጀመሪያ ሊያፌዙ ዳድቷቸው ነበር፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጥያቄውን የሚያጎርፉት እነሱ ሆኑ።

ሁለት ጊዜ ቁጠሩ። ኅዳር ላይ፣ ክረምቱ ያበቀለው ገና ለምለም ሳለ። ከዚያ ግንቦት መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሳይጠና። አንድ ጊዜ ቆጥሮ የተወ ሰው የሚያውቀው የበቀለውን እንጂ የጸደቀውን አይደለም። በየዓመቱ ክረምት ችግኝ ተክለን ፎቶ ተነስተን እንመጣለን፤ ግንቦት ላይ ማን ሄዶ ቆጠረው? ለእሱም ያው ሲባጎ ይሠራል። መንገዱ የማያስኬድበት ጊዜ ሲመጣ (በእኛ አካባቢ ለምን እንደሆነ አልነግራችሁም) የትምህርት ቤቱን አጥር ውስጥና ውጭ ቁጠሩ።

ውጤቱን ለሕዝቡ መልሱ። ግራፍ ሠርተን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ነበር፣ ያነበበው የለም። በሚቀጥለው ዓመት ሰንበቴ ላይ ሁለት ሳህንና አንድ ቁና ቆሎ ሽምብራ ይዘን ሄድን። ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ ሽምብራ፣ በአንዱ ሳህን የውስጡ፣ በሌላው የውጩ፣ እኩል ቁጥር ካለው ካሬ። ልጆቹ ራሳቸው እየቆጠሩ ጣሉ። የውስጡ ሳህን ሞልቶ ፈሰሰ። የውጩን ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት ይበቃ ነበር። አንድ አዛውንት "ከብቱ ነው" አሉ። እኛ ከብት የሚል ቃል አላወጣንም፤ እናንተም አታውጡ። ባለ ከብቱ እዚያው ተቀምጦ ጠላ እየጠጣ ነው። ከዚያ በኋላ ክርክሩን እነሱ ቀጠሉት፣ ቅጥሩ ወደ ውጭ ይገፋ ወይስ አይገፋ እያሉ። እኛ ዝም ብለን ሰማን። መረጃውን በመጨረሻ ትንንሾቹ ልጆች በሉት፤ ስለዚህ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ጻፉት።

መዝገቡን አደራ። እኛ መምህራን ዝውውር እናገኛለን፣ ደብተሩ አብሮን ይሄዳል፣ የአራት ዓመት ሥራ ሻንጣ ውስጥ ይቀራል። በአንድ ሲናርላይን ደብተር የካሬዎቹን ቦታ ከቅጥሩ በር በእርምጃ፣ ቀኑን፣ የቆጠሩትን ስም ጻፉና ሁለት ቅጂ አድርጉት። የእኛ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሁለተኛውን ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ጠይቀው ወሰዱት፤ ዕቃ ቤት ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉም እሳቸው ጋ። ዘንድሮ ኅዳር ሊገባ ሲል ሰው ልከው "የቆጠራው ጊዜ አልደረሰም ወይ?" አስባሉኝ።