የአውሮፓ የነፃ ገበያ ሕግና ማኅበራዊ ጥበቃ ሲጋጩ፦ አንድን አገራዊ ሕግ እንዴት እንመርምር?

ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ጤናን፣ ሠራተኛን ወይም አካባቢን መጠበቅ ተገቢ ዓላማ አይደለም የሚለው ከስንት አንዴ ነው። አገሮች የሚሸነፉት ዓላማውን ለማሳካት በመረጡት መንገድ ነው።

መጀመሪያ ሕጉ በአገሮች መካከል በነፃ ከመንቀሳቀስ መብቶች የትኛውን እንደነካ ይለዩ። በኅብረቱ አሠራር ስምምነት ዕቃ በአንቀጽ 34፣ ሠራተኛ በ45፣ ድርጅት ማቋቋም በ49፣ አገልግሎት በ56፣ ካፒታል በ63 ይገኛሉ።

ቀጥሎ ሕጉ አድልዎ እንዳለበት ይመልከቱ። በግልጽ የሚያዳላ ሕግ የሚድነው ስምምነቱ ውስጥ በተጻፉት ምክንያቶች ነው፤ ለዕቃ አንቀጽ 36ን ያንብቡ። ለሁሉም እኩል የሚሠራ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1979 የተሰጠው የካሲስ ደ ዲዦን ፍርድ በር ይከፍታል፤ ሸማችን መጠበቅን የመሰለ ሌላ ምክንያትም ማቅረብ ይቻላል። በሕጉ ማብራሪያ ላይ «የአገር ውስጥ አምራችን ለመደገፍ» የሚል ሐረግ ካለ ግን ነገሩ ተበላሸ። ኢኮኖሚያዊ ምክንያት ተቀባይነት የለውም፤ የተቃራኒ ወገን ጠበቃም መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ከባዱ ተመጣጣኝነት ነው፤ ማለትም ሕጉ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ ንግድን አለመገደቡ። ስኮትላንድ ኅብረቱ ውስጥ ሳለች ለመጠጥ ዝቅተኛ ዋጋ ልታወጣ ተነሣች፦ ለአንድ መለኪያ፣ ማለትም ለ10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል፣ 50 ፔንስ። 700 ሚሊ ሊትር የሚይዝ 40 በመቶ ውስኪ 28 መለኪያ ስላለው ከ14 ፓውንድ በታች አይሸጥም ማለት ነበር። ይህ በርካሽ የሚያመርት የውጭ ነጋዴን ብልጫ ያሳጣዋል። ፍርድ ቤቱ በ2015 «ታክስ መጨመር ንግድን ይበልጥ ባነሰ መጠን አይገድብም ወይ?» ብሎ የማስረጃውን ምዘና ለአገር ውስጥ ዳኞች ተወው። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ሕጉን አጸና፤ ታክስ ሁሉንም ጠጪ ሲነካ ዝቅተኛ ዋጋው ግን በርካሽና ጠንካራ መጠጥ የሚጎዱትን ለይቶ ይደርስባቸዋል በሚል። ስለዚህ ቀለል ያለውን አማራጭ ራስዎ አንስተው ለምን እንደማይበቃ በማስረጃ ያሳዩ። ማስረጃው የሚመዘነው ሕጉ በወጣበት ቀን በነበረው ብቻ ሳይሆን ፍርድ በሚሰጥበት ጊዜ ባለው ነው፤ ፋይሉን አይዝጉት።

ክርክሩ በሰብአዊ መብት ላይ ሲሆን ዝግጅት ይቆጠራል። በ1998 ኦስትሪያን ከጣሊያን የሚያገናኘው የብሬነር አውራ ጎዳና በአካባቢ ተቆርቋሪዎች ሰልፍ ለ30 ሰዓት ያህል ሲዘጋ ኦስትሪያ አልተረታችም፤ ሰልፉ አስቀድሞ የታወቀ፣ የተወሰነና ሌላ መንገድ የተዘጋጀለት ነበር። የፈረንሳይ ገበሬዎች የስፔንን እንጆሪ ለዓመታት ሲያወድሙ ዝም ያለው መንግሥት ግን በ1997 ተረታ። በሠራተኛ ማኅበራት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ጠንከር ይላል፤ በ2007 የላቫል ፍርድ ስዊድናውያኑ ማኅበራት በላትቪያው ኩባንያ በላቫል ላይ ያካሄዱትን እገዳ ሕገ ወጥ ያደረገው የደመወዝ ግዴታው አስቀድሞ በግልጽ የማይታወቅ በመሆኑ ጭምር ነው። ብዙዎች ይህን ፍርድ እስከ ዛሬ ይነቅፉታል፣ ያለ ምክንያትም አይደለም።

የሕግ ረቂቁ የዕቃ ቴክኒክ ደንብ ካለው በኅብረቱ መመሪያ 2015/1535 መሠረት ለአውሮፓ ኮሚሽን ያሳውቁና በመደበኛው ሥርዓት ሦስት ወር ይጠብቁ። ሳያሳውቁ የወጣ ደንብ፣ ዓላማው ምንም ያህል ቢያምር፣ በግለሰብ ወይም በድርጅት ላይ ሊፈጸም አይችልም።