ኦቲዝም ለሚታይበት ሕፃን ቤት ውስጥ ድጋፍ እንዴት ይጀመራል?

በደሴም ሆነ በሐይቅ፣ በወልድያም ሆነ በኮምቦልቻ አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን ሳይፈታ ሲቀር እናቱ ቡና ላይ ደጋግማ የምትሰማው ምክር «እታለም፣ ወንድ ልጅ አፉን ዘግይቶ ነው የሚፈታው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» የሚል ነው። ምክሩ ከደግነት ቢመነጭም፣ መዘግየቱ የኦቲዝም፣ ማለትም ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ልዩነት፣ ምልክት ሊሆን ስለሚችል የሚያባክነው ጊዜ ውድ ነው፤ ሕፃን ቋንቋንና ከሰው ጋር መግባባትን በፍጥነት የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነውና። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ያለው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ማዕከል እስኪገኝ ወይም የምርመራ ውጤት እስኪታወቅ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም።

በመጀመሪያ ያዩትን በደብተር ይመዝግቡ። ልጁ 1 ዓመት ሲሞላው በስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? በ1 ዓመት ከመንፈቁ በጣቱ ይጠቁማል? በ2 ዓመቱ «ውሃ ስጪኝ» እንደሚለው ሁለት ቃል ያጣምራል? ቃል ብቻ መቁጠር አይበቃም። አውሮፕላን በጦሳ ተራራ አናት ሲያልፍ አብዛኛው የ1 ዓመት ተኩል ልጅ ወደ ላይ ጠቁሞ መልሶ የእናቱን ፊት ያያል፤ «አየሽው?» ማለቱ ነው። ይህ የዓይን መመለስ አለመኖሩ ከቃል መዘግየት ባልተናነሰ ሊያሳስብ ይገባል። ልጁ የነበሩትን ቃላት ካጣ ደግሞ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ለነገ ሳይባል በሐኪም ይታይ።

ከዚያ ደብተሩን ይዘው ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ወደ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ሪፈር እንዲጻፍልዎም ይጠይቁ። ከሁሉ አስቀድሞ የመስማት ምርመራ ይደረግ፤ የማይሰማ ልጅም ሲጠራ አይዞርም። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት ኤም-ቻት የሚባል የ20 ጥያቄዎች መለያ አለ፤ ሆኖም ተጨማሪ ምርመራ ማስፈለጉን ያመለክታል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ልጁ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ በአስቸኳይ ይታይ። ክትባቱንም አያቋርጡ፤ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው እ.ኤ.አ. የ1998ቱ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሳታሚው መጽሔት ተሰርዟል። ጠበል ወይም ዱዓ የሚያደርስ ቤተሰብ ያድርስ፤ ሕክምናውን ግን አይተውበት። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት አለኝ ለሚል ሰው ገንዘብ አይክፈሉ።

ሰፊ ጊዜ የሚሻው ሦስተኛው እርምጃ ጨዋታ ነው። ቴሌቪዥኑንና ስልኩን አጥፍተው፣ ዓይንዎ ከልጁ ዓይን እኩል እንዲሆን ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ይቀመጡ። ልጁ በረከቦቱ ጠርዝ ላይ ባዶ ስኒ መደርደር የሚወድ ከሆነ አይቀሙት። እርስዎም አንድ ስኒ ከሰልፉ ጫፍ አስቀምጠው «ስኒ» ይበሉ፤ የቀሩትን ጭንዎ ላይ ይያዙ። ከዚያ ዝም ይበሉ። ይህ ዝምታ ለእኛ ከባድ ነው፤ ልጅ ስናጫውት አፋችን አያርፍምና። በልብዎ እስከ 10 እየቆጠሩ ፊቱን ይመልከቱ። ቀና ብሎ ካየዎት፣ እጁን ከዘረጋ ወይም «እ» ካለ እንደ ንግግር ቆጥረው «ስኒ!» እያሉ ወዲያው ይስጡት። ቃል ለሌለው ልጅ በአንድ ቃል፣ አንድ ቃል ላለው በሁለት ቃል ይናገሩ። አገጩን ይዞ ማዞርም ሆነ «ስኒ በል፣ በል እንጂ» እያሉ ማስጨነቅ ልጁን ያሸሸዋል። በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ነገር ግን ሲታጠብ፣ ሲለብስና ሙዝ ተቆራርጦ ሲሰጠው በቀን ደጋግሞ ይደረግ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀውና ኢትዮጵያ ውስጥም የተሞከረው ሥልጠና በ9 የቡድን ትምህርቶችና በ3 የቤት ጉብኝቶች የሚያስተምረው እንዲህ ያለውን ክህሎት ነው።

ልጁ ሲጮኽ ወይም ራሱን ሲመታ ከመጮኹ በፊት ምን እንደነበረ ያስታውሱ፤ የዕጣን ጢስ፣ የእንግዳ ብዛት ወይም ያልጠበቀው ለውጥ ሊሆን ይችላል። ቡናው ላይ ሰው ከበዛ ጓዳ ውስጥ ጸጥ ያለ ጥግ ያዘጋጁለት፤ ወደ ገበያ ከመውጣትዎ በፊትም የገበያውን ፎቶ በስልክ ያሳዩት። መምታት፣ ማሰር ወይም ከሰው መደበቅ ፍርሃትን እንጂ ችሎታን አያስተምርም።

በመጨረሻም አያቱም ታላላቆቹም ለአንድ ነገር አንድ ዓይነት ቃልና ምልክት እንዲጠቀሙ ያስማሙ። በከሚሴና በባቲ አማርኛና ኦሮምኛ አብረው በሚነገሩባቸው ቤቶች አንዱን ቋንቋ መተው ያስፈልጋል የሚለው ምክር መሠረት የለውም፤ አያትየው በለመዱት ቋንቋ ያጫውቱት። ደብተሩ ላይ «ዛሬ ስኒውን ሲጠይቅ ዓይኔን አየ» የሚል አንድ መስመር እንኳ በየቀኑ ይጻፉ፤ ከ3 ወር በኋላ ወደ ሐኪሙ ሲመለሱ ይዘውት ይሂዱ።