በድሬዳዋ ሙቀት ለሙሽራ እናት የሚሆን ሜካፕ

የሙሽራ እናት ሜካፕ ገና ቀትር ሳይሆን የሚሰነጣጠቀው ብዙ ጊዜ በላብ አይደለም፤ ላቡን ይከላከላል ተብሎ በተደራረበው ፓውደር ነው። ዕድሜ ሲገፋ የቆዳ ወዝ ይቀንሳል። ፓውደሩ የቀረችውን ወዝ ይመጥና በዓይን ጥግና በአፍ ዙሪያ ያሉትን መስመሮች አጉልቶ ያወጣቸዋል፤ ላብ ሲነካው ደግሞ እዚያው መስመሩ ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ የእናት ሜካፕ ስስ ይሁን፤ ሲነካካ በቶሎ የሚጠገንም ይሁን።

ቅንድብ የሚያስቀነድቡና የፊት ጸጉር በክር የሚያስነሱ ከሆነ ከሰርጉ 3 ወይም 4 ቀን በፊት ይጨርሱ። በዋዜማው ከሆነ የተቆጣው ቆዳ ያቃጥላል፣ ፋውንዴሽንም (የፊትን ቀለም አንድ ወጥ የሚያደርገው ቅባት) እኩል አይቀመጥበትም። «ፊት ያጠራል» የሚባል ክሬም ለሰርጉ ብለው አይጀምሩ፤ አንዳንዶቹ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ያለባቸው ናቸው። ማድያት ካለብዎት በሜካፕ መሸፈን ይቻላል፣ ቆዳ መላጥ አያስፈልግም። ሂናም ቢሆን ይጠንቀቁ፤ ንጹሑ ሂና ወደ ብርቱካንና ቡናማ ያደላል እንጂ ወዲያው ድብን ያለ ጥቁር አይሆንም። ያ ጥቁሩ አብዛኛውን ጊዜ የጸጉር ቀለም የተቀላቀለበት ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል።

ፋውንዴሽን ሲገዙ እጅዎ ላይ አይሞክሩት። አገጭዎ ጠርዝ ላይ ቀብተው ከሱቁ ይውጡና 10 ደቂቃ ያህል ጠብቀው በፀሐይ ብርሃን ከአንገትዎ ጋር ያስተያዩት፤ አየር ሲነካው የሚጠቁር አለና። አንድ ደረጃ ነጣ ያለውን መምረጥ የተለመደ ስሕተት ነው። በጠይም ቆዳ ላይ አመድ የተነሰነሰበት ያስመስላል፣ በፎቶ ደግሞ ይብሳል።

ከሐረር ለሚመጡ እናቶች አንድ ነገር እንንገርዎት። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ። ሐረር ላይ ተሠርቶ ያለቀ ሜካፕ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ አቧራው ተጨምሮበት ድሬ ሲገባ የተለየ ፊት ይሆናል። ፊትዎን ታጥበው፣ ቅባትዎን ብቻ ተቀብተው ይውረዱ፤ የቀረው ድሬ ይሠራ።

የሰርጉ ጠዋት እናት ወረፋ የሚደርሳት ሚዜዎቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ ነው፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ተለቃልቃ እንግዳ ለመቀበል ትሮጣለች። ይኼ መቅረት አለበት። ቅድሚያ ይያዙ፣ 45 ደቂቃም ይበቃል። ሰላት የሚሰግዱ ከሆነ ሰዓቱን ከውዱእ በኋላ ያድርጉት፤ ውኃ የማያሳልፍ ማስካራ ተቀብቶ ውዱእ ማድረግ አይመችም።

ቀሚሱን ቀድመው ይልበሱ። ሀበሻ ቀሚስ በራስ በኩል የሚገባ ከሆነ የተቀባው ፊት አንገትጌውን ያበላሸዋል፤ ከለበሱ በኋላ አሮጌ ነጠላ ደረትዎ ላይ ጣል ያድርጉ። አንገት ላይ ፋውንዴሽን አያውርዱ፤ ጥበቡ ላይ የተጋባ ፋውንዴሽን በቀላሉ አይለቅም።

የአተር ፍሬ የምታህል ቅባት ፊትዎን በሙሉ ይቀቡና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። እዚህ ላይ ቸኩሎ ፋውንዴሽን የሚያስከትል ሰው ፊቱ ላይ ሁሉም ነገር ይንከባለላል። ፕራይመር፣ ማለትም ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባው መደላድል፣ አፍንጫና ግንባር ላይ ብቻ። ማድያቱና ከዓይን በታች የጠቆረው ላይ ብርቱካናማ ኮንሲለር (የጠቆረ ቦታ መሸፈኛ) በቀጭኑ በጣት ይጫኑ፤ መጥቆሩን የሚያጠፋው ይህ ቀለም ነው፣ ቆዳ የሚመስለው ቀጥሎ ይመጣል። ፋውንዴሽን በፓምፕ አንዴ ብቻ፤ ስፖንጁን ውኃ አጥግበው በደንብ ይጭመቁና ከጉንጭ ወደ ውጭ እየመቱ ያሰራጩት። መጎተት የለም። በቂ ካልመሰለ የጎደለበት ቦታ ላይ ብቻ ይድገሙ።

ፓውደር ለአፍንጫ ግራና ቀኝ፣ ለግንባር መሐልና ለአገጭ ነው። ጉንጭና የዓይን ጥግ አይነካ። ነጭ ሆኖ የሚመጣውና ቀለም የለውም የሚባለው ፓውደር በፍላሽ ፎቶ ፊትን ሊጥ የነካው ያስመስላል፤ ዚንክና ቲታኒየም የበዛበት ሳንስክሪንም እንደዚሁ ያነጣል። ከቤት ሳይወጡ ክፍሉን አጨልመው በስልክ ፍላሽ አንድ ፎቶ ይነሱ፣ ወዲያው ይታያል።

ብለሽ ክሬም ቢሆን ይሻላል፤ ጉንጭ አጥንት ላይ ከፍ አድርገው። አይሻዶ የሚያብለጨልጨው ይቅር፤ የተሸበሸበ የዓይን ቆብ ላይ እያንዳንዷን መስመር ያሳያል። ቡናማ፣ ያልበራ። ኩል ከላይ ብቻ። ከታች የተኳሉት ኩል ልጅዎ ጉልበት ስማ ስትመረቅ ከእንባው ጋር ጉንጭ ላይ ይወርዳል፣ ያንን ደግሞ ካሜራው አያልፈውም። ማስካራውም ውኃ የማያሳልፈው ሆኖ የላይኛው ሽፋሽፍት ላይ ብቻ፤ ተከፍቶ ከ3 ወር በላይ የቆየ ከሆነ አይጠቀሙበት።

ከንፈር መጨረሻ ነው። በእርሳሱ ዙሪያውን ያሰምሩና ውስጡንም ይሙሉት፤ ሊፕስቲክ በስሱ፣ በሶፍት መጫን፣ እንደገና በስሱ። እንዲህ ሲሆን ስንቱን እንግዳ ሲስሙ ጉንጩ ላይ ምልክት አይተዉም። ደርቆ የሚቀረው ፈሳሽ ሊፕስቲክ ለእናት አይመከርም፤ ከንፈር ይሰነጣጥቃል፣ የዶሮ ወጡ ቅቤም ከመሐል ጀምሮ ያነሳዋል።

ቦርሳዎ ውስጥ ሶፍት፣ ሊፕስቲኩ፣ ትንሽ ፓውደርና ደረቅ ስፖንጅ ይኑር። ላብ ወይም እንባ ሲመጣ ሶፍቱን አጥፈው ይጫኑት፤ ከጠረጉት ፋውንዴሽኑ አብሮ ይሄዳል። ፓውደር የሚነካው ቦታው ከደረቀ በኋላ ነው፣ እርጥብ ላይ ከተደረገ ይረጋል። ማታ ማስካራውን ለማንሳት ጥጥ ላይ የወይራ ዘይት ወይም ቫዝሊን አድርገው የተጨፈነ ዓይን ላይ 30 ሰከንድ ያህል ያቆዩት፤ ሳይታሽ ይለቃል።