ለሪቮልቨር ተለዋጭ እጀታ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በድሬዳዋ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የሰው መዳፍ ደርቆ አይውልም። ሳቢያን በሚገኘው የእንጨት ሥራ ቤቴ የበር መቃንና የጠረጴዛ እግር ከመሥራቴ ጎን ለጎን፣ ሕጋዊ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለሚያመጡልኝ ሪቮልቨር (ጥይቱን በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ለሚይዝ ሽጉጥ) እጀታ እየለካሁ መጥረብ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ፈቃዱን ሳላይ ሥራ አልቀበልም፤ ብረቱንም አልነካም፤ ሥራዬ እጀታው ላይ ብቻ ነው። ከደንበኞቼ አብዛኞቹ ወደ እኔ የሚመጡት ገንዘባቸውን አንድ ጊዜ ካወጡ በኋላ ነው፤ በዘመድ በኩል ከውጭ ያስመጡት እጀታ ወይ አልገጠመላቸውም፣ ወይ ገጥሞ አልተመቻቸውም። የሚሠሩት ስህተት ተመሳሳይ በመሆኑ እዚህ ላይ በዝርዝር ልጽፈው ወደድኩ። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ማንኛውም ልኬትና ሙከራ የሚደረገው ጥይቱ በሙሉ ወጥቶ፣ ከበሮው ተከፍቶ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ በዓይን ከታየና በጣት ከተዳሰሰ በኋላ ነው፤ ጥይቱም ሙከራው በሚደረግበት ክፍል ውስጥ መኖር የለበትም።

የሽጉጡን ስም ብቻ ይዞ እጀታ ማዘዝ

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚለው ስም ብቻውን ለእጀታ መራጭ የሚጠቅመው ነገር ትንሽ ነው። ፋብሪካው ሪቮልቨሮቹን በአካላቸው መጠን በላቲን ፊደላት ይለያቸዋል፤ ጄ የተባለው ትንሹና አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጥይት የሚጎርሰው ነው፤ ኬ እና ኤል መካከለኞቹ ሲሆኑ ኤን ከእነሱ ይበልጣል። ኬ እና ኤል የእጀታ ብረታቸው፣ ማለትም እጀታው የሚገጠምበት ብረት፣ አንድ ዓይነት ስለሆነ የአንደኛው እጀታ ለሌላኛው ይሆናል፤ የጄ እጀታ ግን ለሁለቱም አይሆንም። ሌላው ፋብሪካ ሩገር እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ጂፒ 100 ደግሞ እንደ ሌሎቹ የእጀታ ቅርጽ ያለው ብረት የለውም፤ ያለው አንድ ቀጭን የብረት ጉጥ ነው፤ እጀታው በሙሉ ያንን ጉጥ ከቦ ስለሚቀመጥ ጠራቢው ቅርጹን እንደፈለገ ሊያወጣው ይችላል።

ፊደሉ ከታወቀም በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የእጀታው ብረት ታችኛ ጫፍ ባለ ማዕዘን ነው ወይስ ክብ? በዚህ ጉዳይ እኔም ተሳስቻለሁ። አንድ ደንበኛ ከሐረር በስልክ ፎቶ ልኮልኝ፣ ከላይ የሚታየው እጀታ ባለ ማዕዘን ስለነበር ብረቱም እንደዚያው ነው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ወይራ ጠረብኩ። ሰውየው መጥቶ አሮጌውን እጀታ ስንፈታው ብረቱ ክብ ሆኖ ተገኘ፤ ፋብሪካው ክቡን ብረት ባለ ማዕዘን እጀታ አልብሶት ኖሯል። የእኔ ሥራ ከታች በኩል የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ትቶ በመቅረቱ እንጨቱ ከሰረ። ከዚያ ወዲህ አሮጌው እጀታ ተፈትቶ፣ ባዶው ብረት በነጭ ወረቀት ላይ ተጋድሞ፣ ዙሪያው ጫፉ በሾለ እርሳስ ካልተነደፈ ምንም ዓይነት ሥራ አልጀምርም። ከውጭ የሚያዝም ሰው ይህንኑ ንድፍ፣ የብሎኑንና እጀታው እንዳይንሸራተት የምትይዘውን ሚስማር ቦታ ጭምር ምልክት አድርጎ ለሻጩ ቢልክ ብዙ እንግልት ይቀርለታል።

ከአባት ወደ ልጅ የተላለፉ አሮጌ መሣሪያዎች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። የእንግሊዞቹ ዌብሊና ኤንፊልድ፣ የጣሊያኑ የ1889 ቦዴዮ ወይም ሰባት ጥይት የሚጎርሰው የ1895 ናጋን በእጅዎ ካለ፣ ለዛሬ ሪቮልቨሮች ተብሎ በገበያ ከሚሸጠው እጀታ አንዱም አይገጥመውም። በዌብሊ፣ በኤንፊልድና በናጋን እጀታ ታች ገመድ የሚታሰርበት ቀለበት ስላለ፣ የታችኛውን ጫፍ የሚደፍን እጀታ ጨርሶ አይሆናቸውም። ለእነዚህ የሚበጀው አሮጌውን እጀታ አስመስሎ ማስጠረብ ነው፤ ዋናውንም እጀታ አይጣሉት፤ እሱ የቤተሰብ ቅርስ ነው።

በዓይን መምረጥ፣ በምላጭ አለመለካት

ከሁሉም ከባዱ ስህተት ይህ ነው። ሰው እጀታ የሚያየው መዳፉን ሞልቶ መያዙን ነው፤ እጀታው የሚወስነው ግን ጠቋሚ ጣቱ ምላጩ ላይ፣ ማለትም ለመተኮስ በሚሳበው ብረት ላይ፣ የት ላይ እንደሚያርፍ ጭምር ነው። በሪቮልቨር መምቻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ሳይስቡ፣ ምላጩን ብቻ ስቦ ለመተኮስ ብዙውን ጊዜ ከ4 ኪሎ ተኩል እስከ 6 ኪሎ የሚደርስ ጉልበት ያስፈልጋል። ይህን የሚያህል ክብደት በጣት ጫፍ መሳብ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ጣቱ የመጀመሪያው አንጓ አካባቢ ድረስ ሲገባ ግን ስቡ የተስተካከለ ይሆናል።

የእጀታው ብረት ከኋላ በኩል በጎማ ወይም በእንጨት ሲሸፈን፣ ያ ሽፋን መዳፍን ከምላጩ ያርቃል። ርቀቱ ሲታይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ አጭር ጣት ላለው ሰው ግን ያቺ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነገሩን ትለውጠዋለች፤ ምላጩ ላይ ለመድረስ ሳያውቀው እጁን በእጀታው ዙሪያ ያዞራል፤ ሽጉጡም በመዳፉ መሀል መደገፉ ቀርቶ በአውራ ጣቱ አንጓ ላይ ይደገፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ርግጫ በሙሉ ያችን አንጓ ይመታታል። አንድ ደንበኛዬ ከውጭ የተላከለትን ወፍራም የጎማ እጀታ አስገጥሞ አውራ ጣቱ አብጦ ነበር የመጣው። «አቦ፣ ለስላሳ ነው ብለውኝ እኮ ነው የገዛሁት» አለኝ። ጎማው በእርግጥም ለስላሳ ነበር፤ ጣቱ ግን ምላጩ ላይ ጫፉን ብቻ ነበር የሚያደርሰው። ኋላውን የማይሸፍን ቀጭን የወይራ እጀታ ጠርቤለት በዚያው ጥይት ሲተኩስ ሕመሙ ቀረለት።

ኋላው መሸፈን የለበትም ማለቴ አይደለም። ትልቅ እጅ ላለው ሰው፣ በተለይም ክብደቱ ግማሽ ኪሎ በማይሞላ ትንሽ ሪቮልቨር ለሚተኩስ፣ ያ የጎማ ሽፋን መዳፉን ከብረቱ ምት ያድነዋል፤ መሣሪያው በቀለለ ቁጥር ርግጫው ይበረታልና። ልዩነቱን የሚወስነው የእጅዎ ልክ ነው። ባዶውን ሽጉጥ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለው ሥጋ የእጀታው ብረት አናት ድረስ እስኪወጣ ከፍ አድርገው ይያዙት፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አስተማማኝ ግድግዳ ያዙሩና ከአፈሙዙ እስከ ክርንዎ ያለው መስመር ቀጥ ማለቱን ሌላ ሰው ከላይ ሆኖ ይይልዎት። መስመሩ ቀጥ ብሎ፣ ጣትዎ በአንጓው አካባቢ ምላጩን ካገኘ እጀታው ልክዎ ነው። ጣቱን ለማድረስ መስመሩ የሚሰበር ከሆነ ወፍራም ነው። ጣቱ ተርፎ ወደ ሁለተኛው አንጓ ካለፈ ደግሞ ቀጥኖብዎታል።

ሌላም የሚረሳ ቦታ አለ። ከምላጩ ከለላ በስተኋላ፣ በብረቱና በመሀል ጣት መካከል ባዶ ክፍተት ይገኛል። ብዙ ሰው «ይህ ሽጉጥ ጣቴን ይመታኛል» ሲል ችግሩ እዚያ ነው፤ ሽጉጡ በርግጫው ሲነሳ ከለላው የመሀል ጣትን አንጓ ይደቃዋል። ያ ክፍተት ከተሞላ የቀድሞው እጀታ እንዳለ ሊያገለግል ይችላልና፣ አዲስ እጀታ ለመግዛት ከመጣደፍ በፊት ይህን ማየት ተገቢ ነው።

የጣት ቦይ ያለውን እንደ ምርጥ መቁጠር

በእጀታው ፊት ለጣቶች ተብሎ የተቦረቦረ ቦይ ሲያዩት ያምራል። ቦዩ ግን የተቦረቦረው ለአንድ ዓይነት እጅ ነው። ጣትዎ ከዚያ ከወፈረ ወይም ከቀጠነ፣ በቦዮቹ መካከል ያለው ጉብታ በእያንዳንዱ ተኩስ ጣትዎን ይወጋል። ለእርስዎ እጅ ለብቻው ካልተጠረበ በቀር ቦይ የሌለውን ይምረጡ።

ጎማ ለሁሉም ይሆናል ማለት

ጎማ በላብ ጊዜ ከእጅ አይንሸራተትም፤ ለድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ፀሐይ ከእሱ የሚሻል የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በስስ ሸሚዝ ሥር ወይም በሽርጥ ላይ በአፎት ለሚታጠቅ ሰው ያው የማይንሸራተት ባሕርይ ጨርቁን ይዞ ወደ ላይ ይሰበስበዋል። ሽጉጡን በላምባ ወይም በቤንዚን የሚያጥብ ሰውም እጀታውን አስቀድሞ መፍታት ይገባዋል፤ ጎማ እነዚህን ሲጠጣ ያብጣል፣ ይላላል፣ ውሎ አድሮም ይጣበቃል። ሽጉጡ በመሳቢያ ውስጥ ለሚቀመጥና አልፎ አልፎ ለሚተኮስ ሰው ጎማ መልካም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚታጠቀው ግን ገጹ በጥቂቱ የሻከረ እንጨት ይሻላል እላለሁ።

እንጨትን በቀለሙ መምረጥ፣ የዝሆን ጥርስ መመኘት

ዋንዛ ለቁም ሳጥን ግሩም እንጨት ነው፤ ለሽጉጥ እጀታ ግን ይለሰልሳል፤ የብሎኑ ቀዳዳ ቶሎ ይሰፋል። ወይራ ጠንካራና ከባድ ስለሆነ ርግጫውን ይችላል፤ ችግሩ በደንብ ሳይደርቅ ከተጠረበ በድሬዳዋ ሙቀት መሰንጠቁ ነው። ስለዚህ ከሐረር ከፍታ የመጣ የወይራ ቁራጭ እዚህ ቆላ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጦ አየሩን ሳይለምድ አልነካውም። ሲጠረብም በወፍራም ቫርኒሽ መልበስ የለበትም፤ ቫርኒሽ ላብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለስኩት በኋላ የተልባ ዘይት በስሱ ቀብቼ፣ አሳድሬ እደግመዋለሁ፤ እንጨቱ ዘይቱን ጠጥቶ ገጹ ከእጅ ጋር የሚግባባ ይሆናል።

የዝሆን ጥርስ እጀታ የሚጠይቁኝ ጥቂቶች ናቸው፤ መልሴ ግን አንድ ነው። ከሐረር ብዙ ሳይርቅ ባቢሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ የዝሆኖች መጠለያ አለ፤ እነዚያን ዝሆኖች የሚያጠፋቸው ይህ ዓይነቱ ምኞት ነው። የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1989 በተላለፈ ውሳኔ ሲሆን፣ መንግሥታችንም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥሏል። ለእጅም ቢሆን የተወለወለ ጥርስ በላብ ጊዜ ያሟልጫል፤ ድርቀትም ይሰነጥቀዋል።

ቀለህ የሚወጣበትን መርሳት

ከበሮው ወደ ግራ በሚከፈት ሪቮልቨር የግራው እጀታ አናት ከወፈረ፣ የተተኮሱት ቀለሆች ሲገፉ ከእጀታው ጋር ተጋጭተው አንዱ ሳይወጣ ይቀራል። ከመግዛትዎ በፊት ባዶ ቀለህ አስገብተው፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንተው ይግፉት፤ ሁሉም በነፃነት መውደቅ አለባቸው። እንጨት ከሆነ ያ ቦታ በሞረድ ይነሳል፤ ጎማ ከሆነ ግን መቁረጡ ገጹን ያበላሻል።

ብሎኑን በጉልበት ማጥበቅ

እጀታው ከብረቱ ጋር በልኩ ካልገጠመ ብሎን አያስተካክለውም። በካቻቢቴ አጥብቀው የሚያዞሩ ሰዎች እንጨቱን ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ ወደ ታች ሲሰነጥቁት አይቻለሁ። የጣት ጉልበት ሲያልቅ ጥቂት ብቻ ጨምረው ያቁሙ፤ ከተኩስ በኋላ ከላላ እንደገና ይመልከቱት።

የመለያ ቁጥሩን መሸፈን

በብዙ አሮጌ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨሮች የመለያ ቁጥሩ የተቀረጸው በእጀታው ብረት ታችኛ ጫፍ ላይ ነው። ያንን ጫፍ የሚደፍን እጀታ ሲገጠም ቁጥሩ ከዓይን ይሰወራል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሥራ ላይ ባለበት ሀገር መሣሪያና ፈቃድ ተመሳክረው መታየት ስላለባቸው፣ እጀታ ከመምረጥ በፊት ቁጥሩ የት እንዳለ ማየት፣ ከታች ከሆነም ታቹ ክፍት የሆነ እጀታ መግዛት ይገባል።

ሳይሞክሩ መክፈል

ውፍረቱን ለማወቅ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ከጎሚስታ ቤት የተጣለ የብስክሌት ካላማዳሪ በጣት ስፋት ቆርጠው በነባሩ እጀታ ላይ አንድ ዙር ይጠምጥሙ፤ ባዶውን ሽጉጥ ይዘው ከላይ የጠቀስኩትን የመስመርና የአንጓ ሙከራ ያድርጉ፤ ካልበቃ ሁለተኛ ዙር ይጨምሩ። ባለፈው ክረምት ከሐረር ሸዋ በር አካባቢ የመጡ አንድ አዛውንት ወፍራም እጀታ ሊያሠሩ ቆርጠው ነበር፤ ካላማዳሪውን ሰጥቻቸው ቤታቸው ሆነው እንዲሞክሩት ለመንኳቸው። ከሳምንት በኋላ ተመልሰው «ልጄ፣ አንድ ዙር ይበቃኛል፤ ሁለተኛው ጣቴን አስቀረው» አሉኝ። የአንዱን ዙር ውፍረት በመለኪያ ወስጄ፣ ወይራውን በዚያው ልክ ጠርቤ ሰጠኋቸው።