ባዶ ፎልደር በአንድ መስመር ለቅሞ ማውጣት

ትናንት ማታ የድሮ ሃርድ ዲስኬን ሳጸዳ፣ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ካዞርኩ በኋላ ባዶ ፎልደር ብቻ ተከምሮ ቀረ፣ አንዱን ስከፍት ውስጡ ሌላ፣ እሱን ስከፍት ደግሞ ሌላ፣ ሁሉም ባዶ። በማውስ እየከፈታችሁ አትድከሙ። ሊኑክስ ወይ ማክ ካላችሁ ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የምትሰጡበት መስኮት) ላይ ፋይንድ፣ ከዛ ነጥብ፣ ያው አሁን ያላችሁበት ፎልደር ማለት ነው፣ ከዛ ሰረዝ ታይፕ ዲ፣ ከዛ ሰረዝ ኤምፕቲ ብላችሁ ጻፉ። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው እንግዲህ፣ ስፔሱን እንዳትረሱ ብቻ፣ ሰረዟ ግን ከቃሏ ጋር ትጣበቃለች። ባዶዎቹን ዘርዝሮ ያመጣላችኋል።

ዝርዝሩን አይታችሁ ካመናችሁበት መጨረሻ ላይ ሰረዝ ዲሊት ጨምሩ። መጨረሻ ላይ ነው ያልኩት! ከታይፕና ከኤምፕቲ በፊት ካስገባችሁት ባዶ ይሁን ሙሉ ሳያጣራ ሁሉንም ነው ጠራርጎ የሚወስደው፣ ከትራሽ አወጣዋለሁ ማለት ደግሞ እዚህ አይሰራም። ከታች ወደ ላይ እያጠፋ ስለሚሄድ ውስጧ ባዶ ፎልደር ብቻ የነበረባት እናትየዋም አብራ ትጠፋለች፣ ስለዚህ ከዘረዘረው በላይ ቢያጠፋ አትደንግጡ።

ኮድ የምትጽፉ ግን ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም) ያለበት ፎልደር ላይ ዲሊቷን ዝም ብላችሁ አታስሮጡ፣ ጊት በድብቁ ፎልደሩ ውስጥ ባዶ የሚያስቀምጣቸው አሉ፣ ሬፍስ የምትባለዋ ከጠፋች ጭራሽ ፎልደሩ ሪፖዚተሪ፣ ማለትም ጊት የሚከታተለው ፎልደር፣ መሆኑንም አያውቀውም።

ባዶ የሚመስል ፎልደር ዝርዝሩ ላይ ካልመጣ ደግሞ ኤልኤስ ሰረዝ ኤ ብላችሁ እዩት፣ ብዙ ጊዜ ማክ ዲኤስ ስቶር የምትባል ድብቅ ፋይል ጥሎበት ነው።