ፌስሊፍት የሆነ ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ይሄን አንብቡ

ያገለገለ ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ ፈልጋችሁ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ከገባችሁ፣ የ2015 እና የ2016 ሞዴል ጎን ለጎን ይመጡላችኋል። ዋጋቸው ይለያያል። ሻጩን «ለምን?» ስትሉት «ይሄኛው እኮ ፌስሊፍት ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ፌስሊፍት ማለት ትውልዱ ሳይቀየር መሐል ላይ የታደሰ ሞዴል ነው። ግን ጭማሪውን የምትከፍሉት ለመብራቱ ነው ወይስ ለሞተሩ? ብዙ ሰው ይሄን ሳይጠይቅ ይፈርማል።

የማወራው ኤፍ30 ስለሚባለው ትውልድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2012 እስከ 2018 ሞዴል የተሸጠው ሴዳን። ፋብሪካው በ2015 አጋማሽ ላይ አደሰውና እዚህ 2016 ሞዴል ተብሎ ገባ። ማስታወቂያ ላይ ኤልሲአይ የሚል ካያችሁ ያው ፌስሊፍት ለማለት ነው። የሁሉም የ4 ዓመት ዋስትና አልቋል፣ ስለዚህ ከእንግዲህ የሚበላሸው ሁሉ ከእናንተ ኪስ ነው የሚወጣው።

ከውጭ የሚታየው ለውጥ ብዙ አይደለም። የኋላ መብራቱ ሙሉ በሙሉ ኤልኢዲ ሆነ፣ የፊት መብራቱና ፓራውልቱ ተነካኩ፣ ውስጡ ትንሽ አማረ። ሾክ አብዞርበሩም ተሻሽሏል፣ ስትነዱት መኪናው ጠበቅ ያለ ነው። ለዚህ ብቻ ከሆነ እኔ ተጨማሪ ብር አላወጣም።

ዋናው ነገር ኮፈኑ ስር ነው።

የ2016ቱ 328አይ ፊቱ አዲስ ነው፣ ሞተሩ ግን የድሮው ኤን20 ነው። 240 የፈረስ ጉልበት አለው። አዲሱ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር የመጣው 2017 ላይ ነው፣ ያኔ ስሙም 330አይ ሆነ፣ ጉልበቱም 248። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ግን እዚያው 2016 ላይ ተቀየረ። 335አይ ቀረና 340አይ መጣ፣ ቢ58 የሚባል 3.0 ሊትር ባለ ተርቦ ሞተር ይዞ፣ 320 የፈረስ ጉልበት። ስለዚህ ስሙን ብቻ አይታችሁ ብዙ ነገር ታውቃላችሁ። 335አይ ከሆነ ከፌስሊፍት በፊት ነው፣ 340አይ ከሆነ ከፌስሊፍት በኋላ ነው። በኤፍ30 ውስጥ 330አይ ካያችሁ 2017 ወይም 2018 ነው። የሚያምታታው 328አይ ነው፣ ምክንያቱም በሁለቱም በኩል አለ።

ኤን20 ላይ ለምን ሙጭጭ አልኩ? በካቴናው ምክንያት። ታይሚንግ ካቴናውን (የፒስተኑንና የቫልቩን እንቅስቃሴ የሚያናብበውን) አቅፎ የሚመራው ፕላስቲክ በቀደሙት ምርቶች ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ስብርባሪው ዘይት መያዣው ውስጥ ይወርድና ዘይት የሚመጠጥበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ካቴናው ደግሞ ይላላና ጥርስ ይዘላል፣ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ሞተሩ አበቃ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ቢኤምደብሊው የካቴናውን ዋስትና ወደ 7 ዓመት ወይም 70,000 ማይል አራዝሞ ነበር። እሱም አሁን አልፏል። ፕላስቲኩ ከ2015 መጀመሪያ አካባቢ ጀምሮ ተሻሽሏል፣ ስለዚህ የ2016ቱ 328አይ ሞተሩ ያው ኤን20 ቢሆንም ከካቴናው አንፃር የተሻለ ነው። ለዚህኛው ጭማሪ ብር ብትከፍሉ አልከራከራችሁም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሞዴሉ ዓመት ይልቅ የተመረተበት ወር ይበልጣል። የሹፌሩን በር ክፈቱ፣ የበሩ መቃን ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ ወሩና ዓመቱ ተጽፎበታል። ሁለቱም 2015 ተብለው የሚሸጡ መኪኖች አንዱ በ2014 መስከረም፣ ሌላው በ2015 ሚያዝያ ሊወጡ ይችላሉ። ሻጩ ይሄን አያውቅም፣ ቢያውቅም አይነግራችሁም።

ስለ ማታለል ካነሳን፣ የኋላ መብራት ማስረጃ አይሆንም። የፌስሊፍቱን መብራት ገዝቶ የድሮው ላይ መግጠም የተለመደ ነው። ፖርታ ባጋሊው ላይ የሚለጠፈው 340አይ የሚል ምልክትም በጥቂት ዶላር ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል። ቪን ቁጥሩን፣ የመኪናውን መለያ ቁጥር፣ እዩ። ከ17ቱ ውስጥ አሥረኛው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይነግራችኋል፦ ኤፍ 2015፣ ጂ 2016፣ ኤች 2017፣ ጄ 2018 ነው። መስታወቱ ስር ያለው ቪን፣ በሩ ላይ ያለውና ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ያለው አንድ ካልሆኑ ወሬ አታብዙ፣ ወደ ቤት ሂዱ።

ቪኑን ከያዛችሁ ሌላም ሥራ ይሠራላችኋል። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤንኤችቲኤስኤ፣ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። በነፃ ነው፣ ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም ፋብሪካው ላስተካክለው ብሎ የጠራው ጉድለት፣ ካለ ያወጣዋል። በ2024 ነሐሴ ላይ ቢኤምደብሊው ከ720 ሺህ በላይ መኪኖችን በውሃ ፖምፓው የኤሌክትሪክ ማገናኛ ምክንያት ጠርቷል። ውሃ ከገባበት ሾርት ሊያደርግና እሳት ሊያስነሳ ይችላል ነው ያሉት። ኤን20 ያለባቸው 3 ሲሪሶችም እዚያ ውስጥ አሉ። ሪኮል ዲለር ጋ በነፃ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ያልተሠራ ሪኮል አለበት ብላችሁ አትሽሹ፣ ይልቅ ዋጋ መደራደሪያ አድርጉት። ካርፋክስ የሚባለውን የመኪናውን የታሪክ ሪፖርትም አውጡ፣ ግን ካርፋክስ ንጹሕ ስለሆነ መኪናው አልተጋጨም ማለት አይደለም። ባለቤቱ በካሽ ጎረቤቱ ጋራዥ ያሠራው ግጭት እዚያ አይታይም።

የሰርቪስ ታሪኩን ሲያሳዩአችሁ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ብዙ አትቁጠሩላቸው። እስከ 2016 ሞዴል ድረስ ለ4 ዓመት ወይም ለ50,000 ማይል፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ለ3 ዓመት ወይም ለ36,000 ማይል ሰርቪሱ በነፃ ነበር። በነፃ ሲሆን ሁሉም ይወስዳል። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ባለቤት ከራሱ ኪስ ዘይት ቀይሯል ወይ? ፋብሪካው 10,000 ማይል ድረስ ይፈቅዳል፣ እኔ ግን ለተርቦ ሞተር በየ5,000ው የተቀየረለትን እመርጣለሁ። ወረቀት ያስቀመጠ ባለቤት ካገኛችሁ፣ ማይሉ ትንሽ ከፍ ቢልም ከዝቅተኛ ማይል ወረቀት አልባው ይሻላል።

አሁን መኪናውን ልታዩ ሄዳችሁ እንበል። ቀን ሂዱ፣ ዝናብ በሌለበት። ስትደውሉ «ሞተሩን ከመምጣቴ በፊት እንዳታስነሳው» በሉ። ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ አንድ የሚደበቅ ድምፅ አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። ቀዝቃዛ ከሆነ መስኮቱን ከፍታችሁ ራሳችሁ አስነሱት። ኤን20 ላይ ጆሮ ልትሰጡት የሚገባው ነዳጅ ስትረግጡ አብሮ የሚወጣና የሚወርድ የፉጨት ዓይነት ድምፅ ነው፣ እሱ ከካቴናው በኩል ሊሆን ይችላል። የነዳጅ መርፌው ቲክ ቲክ ግን አያስደንግጣችሁ፣ በቀጥታ ነዳጅ የሚረጭ ሞተር ሁሉ እንደዚያ ነው።

ኮፈኑን ክፈቱና በስልካችሁ መብራት ዘይት ፊልትሮው የሚቀመጥበትን አካባቢ እዩ። እዚያ ያለው ጓርኒሲዮን በእነዚህ ሞተሮች ላይ ሲያረጅ ያንጠባጥባል። ዘይቱ ቺንጋው ላይ ከደረሰ ነገሩ ይከብዳል፣ ቺንጋው ተበልቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የቫልቭ ክዳኑም ያልባል፣ በተለይ ሞተሩ ለረዥም ዘመን በሙቀት ከሠራ። በቅርቡ በስቲም የታጠበ፣ የሚያብረቀርቅ ሞተር ካያችሁ ደግሞ «ለምን ታጠበ?» በሉ። ኤን20 ላይ ዘይት መለኪያ ዘንግ ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ፣ የለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ስክሪኑ ላይ ነው የሚለካው። እዚያው ስክሪን ላይ ሰርቪስ የሚፈልጉትን ነገሮች ዝርዝር ያሳያል፣ ፍሬን የፊት፣ ፍሬን የኋላ፣ ዘይት፣ እያለ። ቀይ የሆነ ካለ ፎቶ አንሱት።

ርካሽ የኦቢዲ ማንበቢያ፣ የመኪናውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ፣ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሀያ ሠላሳ ዶላር ነው። ክሩስኮቱ ላይ መብራት ስላልበራ ብቻ አትርኩ። አንዳንዱ ሻጭ ጠዋት ኮዱን አጥፍቶ ይጠብቃችኋል። ኮድ ሲጠፋ ግን መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ሬዲነስ ሞኒተሮች አብረው ባዶ ይሆናሉ፣ ማንበቢያው «ገና አልተጠናቀቀም» ይላችኋል። ብዙዎቹ እንደዚያ ካሉ ወይ ባትሪ ተቀይሯል ወይ የሆነ ነገር ተደብቋል። የባትሪው ደረሰኝ ካለ ያሳያችሁ።

ጎማውን እዩ። ብዙዎቹ ራንፍላት (ቢተነፍስም ለጊዜው የሚነዳ) ጎማ ነው ያላቸው፣ ቅያሬ ጎማ የላቸውም። ራንፍላቱን አውጥቶ ተራ ጎማ የገጠመ ሰው መኪናውን ለስለስ አድርጎታል፣ ግን መንገድ ላይ ጎማው ቢተነፍስባችሁ ጎሚስታ መጥራት ነው። ጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ። ኤክስድራይቭ (በአራቱም ጎማ የሚነዳ) ከሆነ ደግሞ አራቱም ጎማ በመጠንና በጥልቀት መቀራረብ አለባቸው። ሁለት አዲስ ሁለት ያለቀ ሆኖ ሲነዳ የኖረ ከሆነ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለውን ትራንስፈር ኬዝ ይጎዳዋል። ይሄን ፓርኪንግ ውስጥ ትሞክሩታላችሁ። መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ ቀስ እያላችሁ ክብ ንዱት። እየነቀነቀ፣ እየተጎተተ ከሄደ እዚያው ተዉት።

ከዚያ ሀይዌይ ውጡ። አውቶማቲኩ ካምቢዮ ባለ ስምንት ማርሽ ዜድኤፍ ነው፣ በጣም ጥሩ ካምቢዮ ነው፣ ማርሽ ሲቀይር ከሰማችሁት ችግር አለ ማለት ነው። ቢኤምደብሊው ዘይቱ ዕድሜ ልክ ነው ይላል። ካምቢዮውን የሠራው ዜድኤፍ ራሱ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎሜትር ባለው ቀይሩት ይላል፣ በማይል ከ50,000 እስከ 75,000 ገደማ መሆኑ ነው። ማንን እንደማምን ታውቃላችሁ። ፊልትሮው ከፕላስቲኩ መያዣ ጋር አንድ ላይ ስለሆነ ሥራው እንደ ሞተር ዘይት ርካሽ አይደለም። 100,000 ማይል አልፎ ያልተቀየረ ከሆነ ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ስልካችሁንም አገናኙት። ካርፕሌይ (አይፎንን ከመኪናው ስክሪን ጋር የሚያገናኘው) እንደ ተጨማሪ ይሸጥ የነበረ ነገር ስለሆነ ሁሉም ላይ የለም፣ ሻጩ «አለው» ካለ በእናንተ ስልክ ያሳያችሁ።

እስካሁን ከወደዳችሁት ወደ መካኒክ ውሰዱት። ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ አሌክሳንድሪያም ሲልቨር ስፕሪንግም፣ አበሻ መካኒክ አይጠፋም፣ ግን ቶዮታ ላይ እጁ የተፍታታ ሁሉ ይሄን መኪና ያውቃል ማለት አይደለም። አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ባትሪ ቀይረህ ኮምፒውተሩ ላይ ታስመዘግበዋለህ?» ይሄ መኪና ባትሪው ሲቀየር ለኮምፒውተሩ መነገር አለበት። «ምን አገባው፣ ነቅሎ መትከል ነው» ካላችሁ ሌላ ፈልጉ። ሻጩ ወደ መካኒክ አላስወስድም ካለ ደግሞ ጨርሳችኋል፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ከዲለር የምትገዙ ከሆነ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈውን ባየርስ ጋይድ የሚባል ወረቀት አንብቡ። የፌዴራል ሕግ ስለሆነ መለጠፍ ግዴታቸው ነው። «አዝ ኢዝ» የሚለው ላይ ምልክት ካለ፣ ከግቢው ስትወጡ ሞተሩ ቢቆም የእናንተ ጉዳይ ነው፣ ሻጩ በአፉ የነገራችሁ ሁሉ አይቆጠርም። ስለ ዋጋ ስትነጋገሩ «በወር ስንት መክፈል ትችላላችሁ» ለሚለው መልስ አትስጡ። ወሩን አርዝመው ማንኛውንም ቁጥር ያመጡላችኋል። መጀመሪያ ክሬዲት ዩኒየን ሄዳችሁ ብድሩን አስፈቅዱ። ኢንሹራንሱንም በዚያው ቪን አስጠይቁ፣ በተለይ 340አይ ላይ ልትደነግጡ ትችላላችሁ። ቨርጂኒያ የምትኖሩ ደግሞ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ ታክስ እንዳለ አትርሱ።

እኔን ብትጠይቁኝ የ2017 ወይም የ2018 330አይ እገዛለሁ። ጉልበት ለሚወድ 340አይ፣ ነዳጁም ጎማውም እንደማይቀንስ እያወቀ። በጀቱ ያነሰ ሰው የ2016ቱን 328አይ በጥሩ ወረቀት ይውሰድ። ሁሉም ነዳጅ የሚፈልጉት ፕሪሚየሙን ነው። ለኡበር ከሆነ ግን ካምሪ ግዙና ሰላም እደሩ። ሌክሰስ አይኤስ የምታስቡም አላችሁ፤ እሱ በ2021 ፊቱ ሲቀየር ሞተሮቹ የድሮዎቹ ናቸው፣ 3.5 ሊትሩ ግን የተፈተነ ስለሆነ የድሮ መሆኑ እዚያ ጥሩ ነገር ነው። «ነድቼው ነድቼው አገር ቤት እልከዋለሁ» ብላችሁ የምታስቡ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት መከልከሏን ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡ።

ገዛችሁት እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ፣ ሻጩ «ትናንት ነው የቀየርኩት» ቢላችሁም። የወጣውን የድሮ ፊልትሮ አትጣሉት፣ መካኒኩ ይቁረጠውና እጥፋቶቹ መሐል የፕላስቲክ ስብርባሪ ካለ እዩ።