«እሺ» መልስ ያልሆነበት ሥራ፦ ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ጋር በሬዲዮ ሲነጋገሩ

ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ዋጋ ስትከራከሩ ሻጩ «እሺ» ቢላችሁ ተስማማ ማለት ላይሆን ይችላል። ሰምቻለሁ፣ ቆዩ ወይም ተዉኝ ማለቱ ይሆናል፤ ፊቱን አይታችሁ ትለያላችሁ። ሬዲዮ ግን ፊት የለውም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «አዎ» ደግሞ ማይክሮፎን ላይ ጭራሽ አትሰማም። ለአብራሪነት ወይም ለተቆጣጣሪነት የምትዘጋጁ ከሆነ መጀመሪያ የምትተዉት ልማድ ይህ ነው።

«ሮጀር»ም ከ«እሺ» እምብዛም አይሻልም። የተላከው ሁሉ ደርሶኛል ከማለት አያልፍም፤ ምን እንደደረሰ አይናገርም። ስለዚህ የበረራ መስመር ፈቃድ፣ ረንዌይን (የመንደርደሪያውን ሜዳ) የሚመለከት ማንኛውም ትእዛዝ (መግባት፣ ማቋረጥ፣ ዳር ላይ መቆም፣ መነሳት፣ ማረፍ)፣ ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ ፍጥነት፣ የአልቲሜትር (የከፍታ መለኪያ) ግፊትና የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቅ መሣሪያ) ኮድ ቃል በቃል ተመልሰው ይነበባሉ። የነፋስና የአየር ሁኔታ መረጃን መድገም አያስፈልግም፤ መስመሩን ያጨናንቃል።

አንዲት «ኦኬ» ምን እንደምታስከትል በስፔኗ ደሴት ቴነሪፍ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አውሮፕላን የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀመረ፤ አብራሪዎቹ ለመነሳት ላይ ነን ሲሉ የመቆጣጠሪያ ማማው (ታወር) «ኦኬ» አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ «ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ» አለ። በዚያው ቅጽበት ረንዌዩ ላይ የነበረው የአሜሪካው ፓን አም አውሮፕላንም ተናገረ። ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው ኬኤልኤም ውስጥ የተሰማው «ኦኬ»ና ፉጨት ነበር። 583 ሰዎች ሞቱ። «ቴክ ኦፍ» (መነሳት) የሚለው ቃል ዛሬ ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ የሚነገረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በፊት «ዲፓርቸር» ይባላል።

አነጋገሩ እንዲህ ነው። ከመናገራችሁ በፊት ሁለት ሦስት ሴኮንድ አዳምጡ፤ ሌላው የሚጠብቀውን መልስ እንዳትሸፍኑ። የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ አንድ አፍታ ቆይታችሁ ጀምሩ። ቸኩላችሁ ከጀመራችሁ የሚቆረጠው የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጥሪ ስም ነው። ማንን እንደምትጠሩ፣ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንዳላችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሩ። ፍጥነታችሁ በደቂቃ ከ100 ቃል አይለፍ፤ የሚሰማችሁ ሰው እየጻፈ ነው። ስትጨርሱ ቁልፉ መለቀቁን አረጋግጡ። ተጣብቆ ከቀረ የሁሉም ሰው መስመር ይዘጋል፣ እናንተ ደግሞ «ዛሬ ጸጥ ብሏል» እያላችሁ ትበራላችሁ።

ቁጥር ላይ ጥንቃቄው ይበዛል። 3 «ትሪ»፣ 5 «ፋይፍ»፣ 9 «ናይነር» ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ኩዋላ ሉምፑር አጠገብ አንድ የጭነት አውሮፕላን ወደ 2,400 ጫማ ውረድ ተባለ። ተቆጣጣሪው «ዲሴንድ ቱ ፎር ዚሮ ዚሮ» ሲል አብራሪዎቹ «ቱ»ን (2) እንደ «ወደ» ወስደው ወደ 400 ጫማ ወረዱ፤ ኮረብታ ገጭተው አራቱም ሞቱ። ልብ በሉ፣ «ፎር ዚሮ ዚሮ» ብለው መልሰው አንብበዋል፤ ስህተቱን ያረመ ግን አልነበረም። ማንበብ ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ ተቆጣጣሪው የተነበበለትን ማዳመጡ ነው።

የእኛ ሰዓት አቆጣጠርም ወጥመድ አለው። የበረራ ሰዓት በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ነው። የቀን ሰዓት ላይ 3 ደምሩ፤ ጠዋት 3 ሰዓት 0600 ነው። የማታና የሌሊት ከሆነ 15 ደምሩ፣ ድምሩ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱ፤ 12 ሰዓትን ግን እንደ 0 ቁጠሩ። ማታ 3 ሰዓት 1800፣ ሌሊት 10 ሰዓት 0100 ይሆናል።

ስለ ወፍ ስትናገሩ «ወፍ አለ» ብቻ አትበሉ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው አባ ኮዳ ፀሐይ ሞቅ ስትል በሞቃት አየር ተንሳፍፎ ብዙ ከፍ ይላል። ስንት ናቸው፣ ምን ያህል ትልቅ ናቸው፣ በስንት ጫማ ላይ፣ ከረንዌዩ በየትኛው በኩል፣ ወዴት እየሄዱ ነው? ተቆጣጣሪው ለሚቀጥለው አውሮፕላን የሚያስተላልፈው ይህንን ነው።

ሬዲዮው ዝም ካለ ሁሌም ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ቪኤችኤፍ (የአውሮፕላን ሬዲዮ የሚጠቀምበት ሞገድ) በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ተራራና የምድር ክብነት ይከለክሉታል። ከመሬት በላይ በጫማ የተለካውን ከፍታ ካሬ ሩት በ1.23 ስታባዙ ርቀቱን በኖቲካል ማይል ታገኛላችሁ፤ 10,000 ጫማ ላይ 123 ገደማ ነው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ በአየር 115 ያህል ስለሆነ፣ ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን መሃል ላይ የማስተላለፊያ አንቴና ከሌለ አዲስ አበባን አይሰማም። ከዚህ ውጭ ከሆነ ድምፅ መጠኑን፣ የሄድሴቱን መሰኪያና የፍሪኩዌንሲውን አሃዞች ፈትሹ። ወደ ቀድሞው ፍሪኩዌንሲ ተመለሱ፣ ሁለተኛውን ሬዲዮ ሞክሩ፣ ከዚያ የአደጋ ጊዜውን ፍሪኩዌንሲ 121.5። ካልሆነ ትራንስፖንደሩን 7600 (የሬዲዮ ብልሽት ኮድ) ላይ አድርጉና የታወሩን መብራት ተከታተሉ፦ በአየር ላይ ላለ አውሮፕላን የማይቋረጥ አረንጓዴ እረፍ፣ የማይቋረጥ ቀይ ቅድሚያ ስጥና መዞርህን ቀጥል፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ አውሮፕላን ማረፊያው አደገኛ ስለሆነ አትረፍ ማለት ነው። ማየታችሁን ቀን ክንፍ በማወዛወዝ፣ ሌሊት የማረፊያ መብራት ሁለቴ በማብራት አሳውቁ።

ለልምምድ ሁለት ሆናችሁ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ፤ የሚያልፈው ባጃጅ የሞተር ድምፅ ይሆንላችኋል። አንዱ ፈቃድ ይስጥ፣ ሌላው ጽፎ ያንብብ። አንባቢው በየአምስቱ አንዴ ሆን ብሎ አንድ አሃዝ ይቀይር፤ ፈቃድ ሰጪው ሳያርመው ካለፈ ቦታ ተለዋወጡ።